«ባር ባር ይለኛል»፦ የአንዲት ነፍሰ ጡር ጉዳይ

በጥቅምት ወር ብቻ አራት ጊዜ መጣች። አራቱንም ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን። ያመጣችውን ገብስ ሸጣ፣ ባዶ ስልቻዋን አጣጥፋ በብብቷ ይዛ፣ ከወረፋው መጨረሻ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ራሷን አመማት። አንድ ቀን ወገቧን። አንድ ቀን ጨጓራዋን። በአራተኛው «ልቤን» አለች።

ካርዷን አሁን ገልጬ ሳየው የአራት ሰው እጅ ጽሑፍ አለበት። አንዱ የእኔ ነው። ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ሰጥተናታል። ለወገቧ «እርግዝና ነው፣ ይለፍሻል» ብለናታል። ለጨጓራዋ የሚታኘክ ኪኒን፣ ለሽንቷ ደግሞ በጥርጣሬ ብቻ አሞክሳሲሊን። ለልቧ ምንም አልሰጠናትም። በማዳመጫ ሲሰማ ደህና ነበርና።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከመስኮቱ የጮቄ ተራራ በሚታይበት አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ይህን በእርግዝና ጊዜ ስለሚመጣ ድባቴ፣ ደስታን ስለሚነጥቅ የአእምሮ ሕመም፣ የምጽፈው እሷ ፈቅዳልኝ ነው። «ለሌላዋ የሚጠቅም ከሆነ ጻፊው፣ ስሜን ግን እንዳታነሺ» አለችኝ። ስሟንም፣ ቀበሌዋንም፣ ሰው የሚለያትን ነገር ሁሉ ትቻለሁ።

ዕድሜዋ 27 ነው። ሦስተኛ እርግዝናዋ ነው፤ በእጇ ግን ልጅ የላትም። የመጀመሪያ ቀጠሮዋ መስከረም 20 አካባቢ ነበር፤ ያኔ አምስት ወሯ ነው። የደም ግፊቷ ጥሩ፣ ደሟ ብዙም ያልወረደ፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራዋ ነፃ። ክብደቷ ግን ከመስከረም እስከ ጥቅምት መጨረሻ አንድ ኪሎ ቀነሰ። በዚህ ጊዜ መጨመር የነበረባት ሴት ናት። የክንዷ ዙሪያ 22 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ከ23 በታች ከሆነ ምግብ እንዳነሳት እንቆጥራለን። ይህም ካርዱ ላይ ተጽፏል። ጽፈን ዘጋነው።

በአምስተኛው ኅዳር ገብቶ ነበር። ተራዋ ሲደርስ አልጋው ላይ አስተኝቼ የፅንሱን ልብ ምት ልሰማ ዶፕለሩን ሆዷ ላይ አደረግኩ። ትንሽ ፈልጌ አገኘሁት። ቱክ ቱክ ቱክ፣ በደቂቃ 142። እኔ ይህን ድምፅ ስሰማ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፣ ብዙዎቹ እናቶችም ይስቃሉ፣ አንዳንዷ ታለቅሳለች። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነጠላዋን ሰብስባ ጆሮዋ ላይ ጫነችው።

«ስሚው እንጂ፣ የልጅሽ ልብ እኮ ነው» አልኳት።

«ሲስተር፣ ስለ ማርያም፣ አታሰሚኝ።»

«ለምን የኔ እናት?»

«ከለመድኩት በኋላ ይሄድብኛል።»

ማሽኑን አጠፋሁት። ውጭ ገና አሥራ አንድ ሴት ወረፋ ላይ ነበረች። የቅድመ ወሊድ ክፍላችን በር የለውም፣ መጋረጃ ብቻ ነው፤ የአንዷን ወሬ ሌላዋ ትሰማለች። ለጓደኛዬ ወረፋውን ያዢልኝ ብያት፣ ሴትየዋን ይዤ ወደ ቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ገባሁ። እሱ በር አለው። «እንዴት ነሽ?» ብዬ ጠየቅኳት፣ እንደ ሰላምታ ሳይሆን ቁጭ ብዬ። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ባር ባር ይለኛል» አለች።

ይህን ቃል ከእናቴ አፍ ሰምቼው አድጌያለሁ። ሰው በሞላበት ቤት ብቻህን የቀረህ ሲመስልህ፣ ምክንያቱን ሳታውቀው ውስጥህ ባዶ ሜዳ ሲሆን፣ የሚሆን ነገር እንዳለ ሆድህ እየነገረህ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ስትቀር፣ ያኔ ነው ባር ባር የሚለው። ከነሐሴ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነች ነገረችኝ። ዶሮ ሳይጮህ ትነቃለች። ልቧ «እንደ ቅል ይናጣል»። እህል አፏ ላይ እንጨት እንጨት ይላል። ለማርያም ማኅበር መሄድ ትታለች፤ ሰዎች ሆዷን ሲያዩ «በሽልም ያውጣሽ» ይሏታል፣ እሷ ደግሞ ምርቃቱን ስትሰማ ይጨንቃታል።

ከዚያ የሁለቱን ልጆቿን ነገር አወራችኝ። እኔ በካርዷ ላይ «ሁለት ወልዳለች፣ በሕይወት ያለ የለም» ብዬ የጻፍኩትን።

የመጀመሪያዋ ከሰባት ዓመት በፊት በስምንተኛ ወሯ ሆዷ ውስጥ ሞተች። ጥር ላይ ነበር። የወለደችው በአንድ ጤና ተቋም ነው፣ የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልለው ወሰዷት። አላሳዩአትም። ስታለቅስ አንዲት ባለሙያ «ምን ታለቅሻለሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» አለቻት። ይህን ስትነግረኝ አንገቴን ደፋሁ። ክፉ ብላ አይደለም፤ ለማጽናናት ነው። እኔም ራሴ ይህንኑ ቃል ለስንት እናት ብዬዋለሁ።

ሁለተኛው ቤት ውስጥ ተወለደ፤ ጊዜው ሳይደርስ፣ በሰባት ወሩ። ሦስት ቀን ኖረ።

አገራችን ለሞተ ሰው እንዴት እንደሚያለቅስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ድንኳን ይተከላል፣ ዕድር ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት እንጀራ ተሸክሞ ይገባል፣ ሰው እስኪወጣለት ያለቅሳል። ለጭንጋፍ ግን አይለቀስም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ ከዚያ በፊት ለሞተ ሕፃን ለቅሶ የሚቀመጥ የለም። ሁለት ሽማግሌ ይወስዱታል፣ ይመለሳሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ። በማግስቱ ውኃ መቅዳት አለ። ጡቷ ግን ወተት ይዟል። የሁለተኛው በሞተ በሁለተኛው ቀን ቀሚሷ ጡቷ ላይ ርሶ ወንዝ ወርዳ ስታጥበው አንዲት ሴት «ምን ነካሽ» አለቻት። «ምንም» አለች። ሁለቱም ስም የላቸውም። «ብትኖር ዘንድሮ ትምህርት ቤት ነበረች» አለችኝ ስለ መጀመሪያዋ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሆዷ ስትቆጥር ኖራለች።

መንደሩ ደግሞ ሌላ ስም አወጣላት። ሾተላይ። የሾተላይ ሴት ልጅ አያድግላትም ይባላል፤ ዓይኗ፣ ደሟ፣ ማኅፀኗ ይፈራል። አማቷ ይህን ፊት ለፊት ባይሏትም ጎረቤት ይላል። እሷም አምናለች። «ደሜ ነው የሚገድላቸው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ዘልዬ ብድግ አልኩ። ሾተላይ የሚባለው ነገር በሕክምና የሚታወቅ አንድ ምክንያት አለው። የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናቲቱ ሰውነት የፅንሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ይተርፍና ተከታዮቹ ይጎዳሉ። መከላከያም አለው፤ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፣ በእርግዝናም በ28ኛው ሳምንት ይሰጣል። ካርዷን ገለጥኩ። የደም ዓይነት፦ ቢ ፖዘቲቭ፣ ማለትም አርኤች ኔጌቲቭ አይደለችም። ከመስከረም 20 ጀምሮ እዚያ ተጽፏል። ማንም አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም። ለእኛ በሳጥን ውስጥ የሚሞላ አንድ መስመር ነው፤ ለእሷ ሰባት ዓመት ሙሉ የተፈረደባት ፍርድ ነበር።

«ደምሽ ደህና ነው። ሾተላይ አይደለሽም» አልኳት፣ ደጋግሜ፣ ጽሑፉን እያሳየሁ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አንገቷን ነቀነቀችና «እሺ» አለች። ከዚያ «ታዲያ በምን ሞቱ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያዋን ማንም አልመረመራትም፤ ሁለተኛው ያለጊዜው ነው የተወለደ። ያን ቀን የተማርኩት ይህን ነው፤ ድባቴ ውስጥ ላለ ሰው የምሥራች መንገር ብቻውን አያወጣውም። የምሥራቹ ጆሮዋ ላይ ደረሰ፣ ሆዷ ግን አልደረሰም።

እዚህ ላይ ስለ ቃል ትንሽ ልበል። የሕክምና መጽሐፉ ይህን ሕመም «ድባቴ» ይለዋል፣ አንዳንዱ «ድብርት»። ከተማ ውስጥ «ደበረኝ» ሲባል ሰለቸኝ ማለት ነው፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚባል ነገር ነው። ከገጠር የመጣችን ሴት «ድብርት አለሽ?» ብላችሁ ብትጠይቋት «የለም» ትላለች፣ እውነቷን ነው። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው «ሆድ ይብስሻል? ባር ባር ይልሻል? ሐሳብ ይበዛብሻል?» ብዬ ነው። ቀጥሎ የምጠይቀው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ «በፊት ደስ የሚልሽ ነገር አሁንም ደስ ይልሻል?» ድካም፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ መዝጋት በማንኛዋም ነፍሰ ጡር ላይ አለ፤ በእነዚህ ብቻ ሄደን ነው ልብ ሳንለው የቀረነው። ደስታ ማጣት ግን የእርግዝና ጠባይ አይደለም።

ከዚያ በዘጠኝ ጥያቄ የሚለካውን ፒኤችኪው 9 አንድ በአንድ ጠየቅኳት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ይህ ስንት ቀን ሆነብሽ የሚል ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ከ27። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዝም አይባልም። የእሷ 17 ሆነ።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ነው። ብዙ ባልደረቦቼ ይህን ጥያቄ ይዘሉታል፤ ብጠይቃት ሐሳቡን እሰጣታለሁ ብለው ይፈራሉ። አይደለም። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብቻዋን የተሸከመችውን ያስወርዳታል። ጠየቅኳት። «ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል» አለች። ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነ፣ እንዴት ብላ እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። ያሰበችው ነገር አልነበረም፤ «ኃጢአት ነው» አለች። ያም ሆኖ ብቻዋን እንዳታድር፣ ለእህል ተብሎ የተገዛው መድኃኒትም ከቤት ወጥቶ ወንድሟ ዘንድ እንዲቀመጥ ተስማማን። በዚያው ቀን የእህቷ ልጅ መጥታ አብራት ማደር ጀመረች። ሐሳቧ ወደ ዕቅድ ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ወደ ቤቷ አልሰዳትም ነበር።

ባል ይመታት እንደሆነም ለብቻዋ ጠየቅኳት። ለነፍሰ ጡር ድባቴ ከትልልቆቹ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነውና ሁልጊዜ ሰው በሌለበት መጠየቅ አለበት። አይመታትም። ግን መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄዷል። «ከኔ ሸሽቶ ነው» አለች።

ለአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ሰው ጤና ጣቢያችን የለም። ሆስፒታል ያለው የአእምሮ ሕክምና ነርስ ጋ ደወልኩ፤ ደግ ሰው ነው፣ ሃያ ደቂቃ አወራኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ኤምኤች ጋፕ የሚል ፕሮግራም የጀመረው እኮ ለዚህ ነው፤ የአእምሮ ስፔሻሊስት በሌለበት ተራ ነርስና ጤና መኮንን የሚችለውን እንዲሠራ። ነፍሰ ጡር ከሆነች የንግግር እርዳታ ይቀድማል፤ ካልበቃ ወይም ከበድ ካለ ብቻ በሐኪም መድኃኒት ይታሰባል፣ ያውም በአነስተኛ መጠን። ቀድሞ መድኃኒት ላይ የነበረች ሴት ካረገዘች ደግሞ በራሷ እንዳታቋርጥ፤ መጥታ ትማከር።

ብቻዬን ነኝ ብዬ ስጨነቅ ነርሱ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ፓኪስታን ገጠር ውስጥ እንደኛ ጤና ኤክስቴንሽን ያሉ፣ ስለ አእምሮ ሕክምና ምንም ያልተማሩ ሴቶች አጭር ሥልጠና ወስደው ድባቴ ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች ቤት ለቤት እያነጋገሩ ረዷቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት፣ ከወለዱ ከስድስት ወር በኋላ ድባቴው ያልለቀቃቸው ከታገዙት 23 ከመቶ፣ ተራ ጉብኝት ብቻ ካገኙት ደግሞ 53 ከመቶ ነበሩ። ወሬ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ንግግሩ ራሱ ሕክምና ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያ ስትወርድ፣ ግማሽ ሰዓት እንዲሆን ተቀጣጠርን። በር ያለው ክፍል ውስጥ።

በሁለተኛው ቅዳሜ «በፊት ምን ደስ ይልሽ ነበር?» አልኳት። «ፈትል» አለች። ባዘቶውን ይዛ እንዝርቱን ስታሾር ሐሳብ የሚባል አይቀርባትም ነበር፤ ፈትሏ ቀጭን ስለሆነ ሸማኔው ራሱ ቤቷ ድረስ ይመጣላት ነበር። ከነሐሴ ወዲህ እንዝርቱን አልነካችም። በሳምንት አንድ ልቃቂት ብቻ ፍተይ፣ ስሜቱ ባይመጣም ፍተይ፣ አምጥተሽ አሳዪኝ አልኳት። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ድባቴ የያዘው ሰው ደስታው እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ደስታው ደግሞ እጅ ሳይንቀሳቀስ አይመጣም። በሦስተኛው ቅዳሜ ከስልቻዋ ውስጥ ልቃቂቱን አወጣች። የዕንቁላል ያህል ነው። «ለሽያጭ ነው» አለች፣ ሳልጠይቃት።

የልጁን እንቅስቃሴ እየቆጠረች ሌሊቱን ሙሉ ትነቃ ነበር። ይህን አስተካከልን፤ በቀን አንዴ፣ ከራት በኋላ፣ በጎኗ ተኝታ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ከተንቀሳቀሰ ትተኛለች። ከቀነሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ትመጣለች፤ «አስቸገርኩ» አትልም።

ምግቡ ሌላ ጣጣ ነበረው። ለልጁ ብላ በስለት የጽጌን ጾም ይዛ ነበር፣ የፈቃድ ጾም ነው፣ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ሊገባ ነው። እኔ «አትጹሚ» ብላት አትሰማኝም፤ ማነኝ እኔ? የነፍስ አባቷ ጋ በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል መልእክት ላክን። እሳቸውም ራሳቸው በእግራቸው ቤቷ ድረስ ሄደው «ልጄ፣ አንቺ አሁን ሁለት ነፍስ ነሽ። ብይ። የአንቺን ጾም እኔ እይዝልሻለሁ» አሏት። ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ጤና ጣቢያውንም አትቅሪ አሏት። ከእኔ የአንድ ወር ምክር ያ ቃል በለጠ። በገጠራችን የነፍስ አባትን የማይጠራ የአእምሮ ሕክምና ግማሽ ሕክምና ነው ብዬ አምናለሁ።

አማቷን ያስመጣኋቸው በአራተኛው ሳምንት ነው። ክፉ ሰው እጠብቅ ነበር። ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው። «እማማ፣ ምራትዎ ታማለች፤ የልብ ሕመም ነው፣ የሐሳብ» አልኳቸው። «እኛስ ስንቱን ቀብረን ዝም አልን አይደል ወይ?» አሉኝ ቆጣ ብለው። «ስንት ቀበሩ?» አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስት። ከዚያ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት። «ኸዚያ ወዲህ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። ምራታቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። እንደዚያ ሲያለቅሱ አይታቸው አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሾተላይ የሚል ጎረቤት ሲመጣ መልስ የሚሰጡት እሳቸው ሆኑ፤ «ደሟ ታይቷል፣ ደህና ነው!»

ባሏ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከስቶ መጣ። የሄደው ለማዳበሪያ ዕዳ ነበር። «ስለ ልጆቹ አንስቼ እንዳላስከፋት ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። እሷ ዝምታውን ወቀሳ አድርጋ ነበር የወሰደችው። ሰባት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ስለ ሁለቱ ልጆቻቸው አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። ያን ቀን ትንሽ አወሩ። እኔ ወጣሁላቸው።

በታኅሣሥ አጋማሽ ቁጥሯ ከ17 ወደ 9 ወረደ፤ ክብደቷም ጨመረ። አለፈ ብዬ ደስ አለኝ። ቸኩዬ ነበር።

ገና አለፈ፣ ጥር ገባ። ስምንተኛ ወር፣ የመጀመሪያዋ የሞተችበት ወር፣ በዚያውም በጥር። ልቃቂት አላመጣችም። በአንድ ሳምንት ሁለት ሌሊት ባሏ በበቅሎ ይዟት መጣ፤ «ቆሟል፣ አይንቀሳቀስም» እያለች። ሁለቱንም ጊዜ የልብ ምቱ ደህና ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ዶፕለሩን ሳነሳ «ድምፁን ልቀንሰው?» አልኳት። «ተይው፣ ልስማው» አለች። እጄን ጨብጣኝ ነበር፣ ጥፍሯ እስኪሰማኝ። ቁጥሯ 13 ሆኖ ነበር። ይህ ቀን መምጣቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ነበር፤ ቀኑን ታኅሣሥ ላይ አስቤ ልዘጋጅበት ሲገባኝ አልተዘጋጀሁም።

ወደ ሆስፒታል ላክናት። አልትራሳውንድ ታየች፣ ፅንሱ በደንብ እያደገ ነበር። የአእምሮ ነርሱና ሐኪሙ መድኃኒት እንጀምር ወይስ እንጠብቅ ብለው ተነጋገሩ፣ እሷንም ጠየቋት። ሁለት ሳምንት በየሦስት ቀኑ እየታየች እንድትቆይና ካልቀነሰ እንዲጀመር ወሰኑ። ቀነሰ። መድኃኒት ሳትወስድ ቀረች፤ ሌላ ሴት ብትሆን ግን ያስፈልጋት ይሆናል፣ ያም ነውር የለውም። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ሆስፒታሉ ባለው የወላዶች ማቆያ ገባች፤ አማቷ ገንፎ ያገነፉላታል፣ ከሌሎች ድርሶች ጋር ቡና ትጠጣለች።

የካቲት 8 ማለዳ ባሏ ደወለልኝ። «እልል በይ ሲስተር!» አለኝ። ሴት ናት። 2 ኪሎ ከ900 ግራም።

ሦስተኛው ቀን አስፈራኝ፤ ሁለተኛው ልጇ የሞተበት ቀን ነው። በእርግዝናዋ ድባቴ የነበረባት ሴት ከወለደች በኋላም ለዚያው ሕመም ቅርብ ናት። ጤና ኤክስቴንሽኗ በሦስተኛው ቀን ቤቷ ደረሰች። ሁለት ሌሊት አልተኛችም ነበር፤ መዳፏን ከሕፃኗ አፍንጫ ሥር አድርጋ ትንፋሿን ስትጠብቅ አንግታለች። አማቷና የእህቷ ልጅ ተራ ይዘው ሕፃኗን እንዲጠብቁ፣ እሷም ቢያንስ አራት ሰዓት እንድትተኛ አደረጉ። በ45ኛው ቀን ለክትባት ስትመጣ ቁጥሯ 6 ነበር። ሌሊት አሁንም ትነቃለች። ፊቷ ግን ሌላ ሴት ነው።

ሕፃኗ በትንሽ ነጭ ጋቢ ተጠቅልላለች። ጥለቱ ቀጭን ነው፣ ፈትሉም ቀጭን። ጋቢውን ዳሰስ አድርጌ ቀና ብዬ አየኋት።

«ለሽያጭ አልነበረም» አለችኝ። «ነግሬሽ ሳይሆን ቢቀርስ ብዬ ነው።»

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ደረጃ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 10 ያህሉ የአእምሮ ሕመም ይገጥማቸዋል ይላል፤ በታዳጊ አገሮች 15.6 ከመቶ፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 19.8 ከመቶ። እኛ በገበያ ቀን 20 ነፍሰ ጡር እናያለን። ሦስቱ ማለት ነው፣ በየቅዳሜው። እነዚህ ሦስቱ ወገቤን፣ ራሴን፣ ልቤን እያሉ ፓራሲታሞል ይዘው ሲመለሱ ኖረዋል።

አሁን ካርዱ ላይ ቦታ ስለሌለው ከደም ዓይነቱ ጎን በእስክሪብቶ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ ሆድ ይብስሻል ወይ? ደስ የሚልሽ ነገር ደስ ይልሻል ወይ? የደም ዓይነታቸውንም ምን ማለት እንደሆነ ጨምሬ እነግራቸዋለሁ። ሁለቱ ጥያቄዎች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። መልሱ ነው ጊዜ የሚወስደው፣ እሱንም በር ያለው ክፍል ካለ እናገኝለታለን።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ለሁለቱም «አዎ» አለችኝ። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ከዚያ በላይ መናገር አልፈለገችም፤ ባሏ ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል። ረቡዕ ብቻሽን ነይ አልኳት። ረቡዕ አልመጣችም። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ነገ ጠዋት ቤቷ ትሄዳለች።